ስሜ የወጣው ለጎረቤት ነው

በእኛ አገር ስም ሰው መጥሪያ ብቻ አይደለም፤ ደብዳቤም ነው። ልጅ ሞቶ ሌላ ሲወለድ ካሳ ወይም ምትኩ ይባላል። ደብዳቤው ለፈጣሪ ነው፤ የላክኸው ደርሶናል እንደማለት። ሴት በሴት ላይ የተደራረበበት አባት ደግሞ ሰባተኛዋን ይበቃል ይላታል። ይህም ለፈጣሪ የተጻፈ ነው፤ መልሱ ብዙ ጊዜ ስምንተኛ ሴት ናት።

የእኔ ስም ግን ለፈጣሪ አልተጻፈም። የተጻፈው ከማሳችን ድንበር ማዶ ለሚኖሩት ጎረቤታችን ነው። ስሙን እንዳለ እዚህ አላሰፍረውም። ባለታሪኮቹ በሕይወት አሉ፤ ጋይንት ደግሞ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት አገር ነው፤ ሽምግልናውም እስከ ዛሬ የተቀመጥነው ይበቃናል። ፍቺውን ግን ልንገራችሁ፤ «እስቲ ይሞክረን» ማለት ነው።

የአባቴንና የጎረቤታችንን የገብስ ማሳ የሚለየው ወሰን ስፋቱ ሁለት ክንድ ቢሆን ነው። ከሰርዶ በቀር የሚያበቅለው የለም፤ አንድ አህያ ቢያስሩበት እስከ ቀትር አያደርሳትም። አንድ ክረምት አባቴ የጎረቤታችን ማረሻ ወደ እኛ ዘለቀ አሉ። የለም፣ የዘለቀው የአንቱ ነው አሉ ጎረቤታችን። ሽማግሌ ገባ፣ ሽማግሌ ወጣ፤ ወሰኑ ግን እዚያው ነበር። በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን ባለቤት ወንድ ልጅ ወለዱ፤ ልጁም «ወሰኑን ግፋ» የሚል ፍቺ ያለው ስም ወጣለት። ወሬው አባቴ ጆሮ ደረሰ። እናቴ መልሱን በሆዷ ይዛ ስለነበር መቸኮል አላስፈለጋቸውም። በሦስተኛው ወር እኔ ተወለድሁ።

ሴት መሆኔ መልሱን እንዳያለሳልሰው ጥቂት ሳይሰጉ አልቀሩም። ቢሆንም ያላቸውን ወረወሩ።

አንደኛ ክፍል ከዚያው ልጅ ጋር ገባን። መምህራችን ከሩቅ የመጡ ሰው ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ስም ሲጠሩ መጀመሪያ «ወሰኑን ግፋ» ይላሉ፣ እሱ አቤት ይላል። ቀጥለው «እስቲ ይሞክረን» ይላሉ፣ እኔ አቤት እላለሁ። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። መምህሩ የጠቡን ታሪክ ስለማያውቁ ምኑ እንደሚያስቅ ሳይገባቸው ዓመቱ አለቀ። እኔና ልጁ ግን አንድ እርሳስ ለሁለት ሰብረን እንጽፍ ነበር።

ደብዳቤው ቀጠለ። ለጎረቤታችን «ማን ይደፍረናል» ተወለደላቸው፤ ለአባቴ «መልስ ስጠው» ተወለደላቸው፤ እሱ ታናሽ ወንድሜ ነው። ልጅ መውለዱ ሲያቆምባቸው ወደ ውሻ ተዛወሩ። ለነገሩ ውሻ ይሻላል። ልጅን በየማታው ከጉብታ ላይ ቆሞ ያለ ጉዳይ መጣራት ያስተዛዝባል፤ ውሻን ግን የፈለጉትን ያህል ቢጣሩት ማን ምን ይላል? የጎረቤታችን ውሻ «እርር በል» ሲባል የእኛው «ቻለው» ይባል ነበር። ሁለቱ ውሾች አብረው ያድራሉ።

ከዚያ የመሬት ለኪዎች መጡ። ለኩ፣ ጻፉ፣ በመጨረሻም ወሰኑን የጋራ መተላለፊያ ብለው መዘገቡት። ለአንዳቸውም አልደረሰም። ሁለቱም «እንኳን ለሱ አልሆነ» እያሉ ደስ ብሏቸው ገቡ። ያን ሁሉ ዓመት የኖረ ጠብ በአንድ ከሰዓት ሞተ፤ ስማችን ግን ቀረ።

ዛሬ ንፋስ መውጫ አስተምራለሁ። ባንክም ብሄድ፣ ጤና ጣቢያም ብሄድ፣ ጸሐፊው ስሜን ያነብና ቀና ይላል። «ማን ነው የሚሞክረው?» ይለኛል። አብሬው እስቃለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን አንድም ቀን ከልቤ ስቄ አላውቅም። ያሳፍረኛል፤ ከማሳፈሩም ይልቅ ያስከፋኛል።

ነገሩ እንደገና የተነሣው ወንድሜ ለሥራ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ሄዶ የጎረቤታችንን የመጨረሻ ልጅ እዚያ አግኝቶ ያገባት ጊዜ ነው። በአንድ ወሰን ግራና ቀኝ ያደጉ ሁለት ሰዎች ለመተያየት እስቴ ድረስ መሄድ አስፈለጋቸው። ባለፈው ዓመት ወንድ ልጅ ወለዱ። ለሁለቱ ሽማግሎች የመጀመሪያው የጋራ ንብረታቸው ነው፤ መንገዷን ካልቆጠርን።

ለክርስትናው ወደ አገር ሲመጡ እኔ ዘንድ አረፉ። የወንድሜ ሚስት ስልኳን አውጥታ የመረጠችውን ስም አሳየችኝ። ሁለት ፊደል ብቻ ነው። አንዱ ገጽ በዕብራይስጥ ስጦታ ማለት ነው ይላል፣ ሌላው በግሪክ ብርሃን ነው ይላል፣ ሦስተኛው ግእዝ ነው ብሎ ድርቅ ይላል። እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ አጎቴን ደውዬ ብጠይቃቸው «እኛ ስንማር አልነበረም» አሉኝ።

«እትዬ፣ ለትርጉሙ ግድ የለኝም» አለችኝ። «ልጄ የማንም መልስ እንዳይሆን ነው። አባቶቻችን የልባቸውን ስም ካወጡለት ይዤው እመለሳለሁ፤ ሁለተኛም አላመጣውም።»

የጠብ ስም አይወጣለትም፣ ቃሌ ነው አልኳት። በምን ሥልጣኔ እንደሆነ እንጃ፤ በወጋችን ስም የሚያወጣው የአባት አባት ነው።

ልጁ በአርባ ቀኑ ተጠመቀ። የክርስትና ስሙን ካህኑ አወጡለት፤ በእሱ ማንም አልተጣላም፤ የሚጠራው በጸሎት ስለሆነ ጎረቤት አይሰማውም። የዓለም ስሙ የሚወጣው እቤት፣ አባቴ ዘንድ ነው። ጠላው ከቀረበ በኋላ አባቴ ተነሡ። የወንድሜ ሚስት ልጁን ወደ ደረቷ ሳብ ስታደርገው አየኋት። አባቴ ወደ ጎረቤታችን ዞረው «ስሙን አንቱ ያውጡለት» አሉ።

ሰዉ እፎይ አለ፤ የቸኮለ እፎይታ ነበር። ጎረቤታችን ተነሥተው፣ የአባት አባት እያለ እኔ ብደፍር ነውር ነው፣ አንቱ ያውጡ አሉ። አባቴ የለም አሉ። እሳቸውም አይሆንም አሉ። ሰው እየተከባበረ መጣላት እንደሚችል ያን ቀን አየሁ። ድምፃቸው ያው የወሰኑ ዘመን ድምፅ ነው፤ አንድ ክንድ የለቀቀ የለም። እንግዳው በልቶ ጠጥቶ መርቆ ሄደ፤ ልጁ ያለ ስም ቀረ። ሳምንት ሆነ። ጤና ጣቢያ ሲከተብ ካርዱ ላይ «ሕፃን» ተብሎ ተጻፈ። እልኩ ሲያይል ማናቸው ምን ስም እንደሚያወጡ አይታወቅም ብላ የወንድሜ ሚስት ዕቃዋን መጠቅለል ጀመረች።

በማግሥቱ አባቴን ከዚያችው የወሰን መንገድ ዳር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስሙን ለእናቱ ይተዉላት አልኳቸው። እናት መቼ ስም ታወጣለች አሉኝ። ያን ጊዜ አርባ ዓመት የዋጥሁት ወጣ።

«አባዬ፣ እኔ የተወለድሁ ለት ያዩት እኔን አይደለም። እሳቸውን ነው።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ከመንገዷ ዳር ሰርዶ ነቀሉ።

«እናትሽ ሌላ ስም አውጥታልሽ ነበር» አሉ። «ጡት ስታጠባሽ ቀስ ብላ ትጠራሽ ነበር። እኔ ስገባ ትተወዋለች።»

ማን ትለኝ ነበር ብዬ ጠየቅኋቸው። እናቴ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ከሳቸው ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ማዶ ወደ ጎረቤታችን ቤት አዩ።

«ጠፋብኝ» አሉ። «የሳቸውን የውሻ ስም እንኳ አልረሳሁም። ያ ግን ጠፋብኝ።»

አለቀስሁ። አላባበሉኝም፤ ከአጠገቤም አልተነሡም። ከቆየን በኋላ፣ ያች ልጅ ማን ልትለው ኖሯል አሉኝ። ነገርኳቸው። ሁለት ፊደል ብቻ ቢሆንም አንደበታቸው እምቢ አለ። ትርጉሙን ጠየቁኝ፤ በደንብ አይታወቅም አልኳቸው። ለማን ነው አሉ። ለማንም አይደለም አልኳቸው። ደግ ነው አሉና እንደገና ሞከሩት። ጎረቤታችን ስሙን ከልጃቸው ሰምተውት ኖሮ፣ ከማሳቸው ብቅ ብለው «እንደሱ አይደለም የሚባለው» አሉ። እሳቸውም ሲሉት አበላሹት። ሁለቱ ሽማግሎች ሁለት ክንድ መንገድ ላይ ቆመው በሁለት ፊደል ተከራከሩ።

በመጨረሻ አባቴ ስሙን በወረቀት እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። ከደብተሬ ቀድጄ በትልልቁ ጻፍሁላቸው። ቤት ገብተው ዳዊታቸውን ከተሰቀለበት አወረዱና ወረቀቱን ከመካከሉ አስገቡት።

«ይኸኛው እንኳ አይጥፋ» አሉ።