ያልታመመው ጉሮሮዬ

ጉሮሮዬ ተቀዶ መናገር እንደተሳነኝ የሰማሁት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሶዶ፣ ደጄ ላይ ተቀምጬ የተጠበሰ በቆሎ ስግጥ ነው። ወሬውን ያመጡልኝ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። በአንድ እጃቸው ፔርሙዝ፣ በሌላው መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ከባጃጅ ወረዱና መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥለው በቆሎውን አዩ።

«አንተ ኦፕራሲዮን አልሆንክም እንዴ?» አሉኝ።

ሽማግሌው በወላይትኛ ሲሰብኩ ድንጋይ ያስለቅሳሉ። እኔን ግን የቢሮ ሰው ናት ብለው በአማርኛ ያከብሩኛል፤ በእሳቸው አማርኛ ደግሞ ሴቱም ወንዱም አንተ ነው። ምንም አልሆንኩም ብላቸው ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። እውነትም በስሜና በፎቶዬ፣ ያውም ለሰው ሠርግ ተኳኩዬ በተነሳሁት፣ እንዲህ ተጽፏል፦ «ሆስፒታል ነኝ። ጉሮሮዬን ኦፕራሲዮን ስለሆንኩ መናገር አልችልም፣ አትደውሉ። ለመድኃኒት ብር አንሶኛል፣ በዚህ የሐኪሙ ቁጥር ላኩልኝ። ተባረኩ።»

ሌባ ሲመርቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

የምሠራው አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። የማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ «በስልክዎ የሚመጣ የሚስጥር ቁጥር ለማንም አይስጡ» የሚለውን ወረቀት የጻፍኩት፣ ማኅተም ያስመታሁት፣ አራቱን ጥግ በእስፒል የወጋሁት እኔ ነኝ። «ለማንም» የሚለውን አስምሬበታለሁ። በዚያው ሳምንት ዓርብ እለት፣ አብራኝ የምትዘምር እህት በቴሌግራም ጻፈችልኝ፦ ልጇ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ልስጣት፣ ስልኬ ላይ የሚመጣውን ቁጥር ልላክላት። ላክሁ። «ጌታ ይርዳት» የሚልም ጨመርኩበት። «አሜን» የሚል መልስ መጣ። ወዲያው ቴሌግራሜ አላውቅሽም ብሎ አስወጣኝ። ለካ አሜን ያለኝ የእሷን ቴሌግራም አስቀድሞ የወሰደው ሌባ ነው።

ደውለሽ ለምን አላረጋገጥሽም የሚለኝ ሰው እኛን አያውቀንም። እኛ ዘንድ በአንድ ማይክሮፎን አብራሽ የምትዘምረውን እህት «ቆይ፣ እውነት አንቺ ነሽ?» ማለት ስድብ ነው። ስድብ ብቻ ቢሆን ደግ፤ እሁድ እለት ስለ ጥርጣሬ ይሰበክብሻል።

ሌባው ብልህ ነበር፤ ሶዶን ብቻ አያውቅም። እዚህ የታመመ ሰው ይጠየቃል እንጂ ብር አይላክለትም። ሳያዩ ብር መላክ «አልመጣም፣ ይቅርብኝ» እንደማለት ነው። ስለዚህ መልእክቱን ያነበበ ሁሉ ብር ትቶ ጫማውን አጠለቀ። መጀመሪያ በየሆስፒታሉ ዞረው ፈለጉኝ። አንዱ ዘበኛ «ወስደዋት ይሆናል» ስላላቸው፣ የሞትኩ መስሏቸው ሁለት ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ ነው የመጡት። ጉሮሮዋን የተቀደደች ሴት ምን ትውጣለች ተብሎ እስከ ቀትር አምስት ፔርሙዝ አጥሚት ቤቴ ገባ። አለቃዬ ሳይቀር ብርቱካን ገዝቶ መጣ። ደህና መሆኔን ሲያይ ብርቱካኑን ይስጠኝ ይመልሰው ሲያመነታ ከእጁ ተቀበልኩት።

ሰው ደህና ሆኖ ሲገኝ ሁሉም ደስ ይለዋል የሚባለው ውሸት ነው። አጥሚት ተሸክሞ ዳገት የወጣን ሰው ፊት አይቻለሁ። ሽማግሌው በበኩላቸው ለጸሎት ተዘጋጅተው ነው የመጡትና ዝም ብለው አልተመለሱም፤ ምንም ባልሆነው ጉሮሮዬ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ደስ ብሎኛል። የራሱን ለቅሶ ቆሞ የሚያይ ስንት ሰው አለ? ያልመጡትንም ልብ ብያለሁ።

ከሰዓት ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ሄጄ ቴሌግራሜን አስመለስኩ። ሁለተኛ የይለፍ ቃል እንዳወጣ ነገረኝና ሱቁ በሰው ተሞልቶ ሳለ «የባንክሽስ የሚስጥር ቁጥር ስንት ነው?» ብሎ ጮኸ። «ዮሐንስ ሦስት አሥራ ስድስት ከሆነ ቀይሪው፣ ከተማው ሁሉ እሱን ነው የሚያደርገው» አለኝ። ወንበሩ ላይ ከተቀመጡት ሦስቱ ስልካቸውን አወጡ። የእኔም እሱ ነበር።

እሁድ ከአምልኮ ስወጣ ቢጠና በምትባል ትንሽ ከተማ ያለችው የአክስቴ ምራት ደወለች። ድምፄን ስትሰማ እልል አለችና «ብሩ ደረሰሽ አይደል?» አለችኝ።

አክስቴ እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ ናት፤ አዬ ነው የምላት፣ እናቴ እንደማለት። ጉልበቷ ከታሰረ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ምራቷ መልእክቱን ስታነብላት መጥታ ልታየኝ ስለማትችል ያላትን ላከች። ያላት የጊፋታ የቅቤ ገንዘብ ነበር። ለዘመን መለወጫችን ወንዶች ለበሬው ያዋጣሉ፣ ሴቶች ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ሳንቲም ሳንቲም ያስቀምጣሉ። ጊፋታ ቤቷ ያለ ቅቤ የገባባትን ሴት ማንም ምንም አይላትም፤ የሚያመውም እሱ ነው። ጊፋታ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ሌባውን የረገምኩትን ያህል ራሴንም ረገምኩ።

ባንክም ፖሊስም ዘንድ አመለከትኩ። «እናጣራለን» አሉኝ። ማጣራታቸው ከጊፋታ እንደማይቀድም ስለገባኝ ከገበያ ቅቤ ገዛሁ፤ ዋጋውን ስሰማ ለአፍታ እውነትም ድምፄ ጠፍቶ ነበር። በእንሰት ቅጠል አስጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ቢጠና እስክደርስ የአጠገቤ ሰውዬ ሱሪ ላይ ሲንጠባጠብ እኔ መስኮት መስኮቱን አያለሁ።

አክስቴ ስታየኝ ሰላምታውን ትታ አገጬን ቀና አደረገችና አንገቴን በጣቷ ዳሰሰች። ጠባሳ አጣች። «ጌታ ሆይ፣ ምልክት እንኳ ሳያስቀር!» ብላ ጎረቤት ልትጠራ ስትል አፏን ያዝኩ። ተቀምጬ ከነወረቀቱ፣ ከነማኅተሙ፣ ከነአሜኑ ነገርኳት። ብሩን ሌባ እንደበላው ስነግራት አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ከዚያ ቅቤውን ሰጠኋት። ፈታችው፣ በጣቷ አሸት አድርጋ አሸተተችው። «ይሄ ሙዝ አለበት» አለች።

«ከአማኝ ነው የገዛሁት!»

«ሳትቀምሺ?»

ሳልቀምስ ነው። ሳቋን ለመያዝ አልሞከረችም። ግማሹን ለይታ አስቀመጠችና ይሄ ለእንግዳ ይበቃል አለችኝ፤ ያኔም ሆነ ዛሬ ቀልዷን ይሁን ምሯን አልገባኝም።

ከመሄዴ በፊት ግን የመጣሁበትን ጉዳይ መጨረስ ነበረብኝ። «አዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ስም ብር የሚጠይቅሽ ቢመጣ፣ ድምፄን ሳትሰሚ ምንም እንዳትልኪ» አልኳት። መሥሪያ ቤት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ሁሉ በቃሌ ደገምኩላት።

«እሺ» አለች። ቅጠሉን መልሳ አጠፈች። «እውነት ጉሮሮሽ ከሆነስ?»

ሰው ልኬ አስነግርሻለሁ አልኳት። ሌባም ሰው ይልካል አለችኝ።

«እኔ እንዳንቺ አልተማርኩም» አለች አንገቴን እያየች። «ግን አልዋሽሽም፤ እልካለሁ።»