ኅዳር ሚካኤል የተወለዱት ጋሽ በላቸው

ቅዳሜ ጠዋት የሕንፃችን ምድር ቤት ወርጄ ልብስ እያጠብኩ ነበር... ጋሽ በላቸው አንድ ፖስታ ይዘው ገቡ። የሚታጠብ ነገር አልያዙም። የመጡት እኔን ፍለጋ ነው።

ጋሽ በላቸው እዚሁ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ከእኛ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው ብቻቸውን ይኖራሉ። በሱዳን በኩል የመጡ የድሮ ስደተኛ ናቸው። ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በአልጋ ሲገፉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል።

«አንቺ ባንክ አይደል የምትሠሪው? እስቲ ይቺን እዪልኝ። ካርዴ አልሠራ ብሎኛል። አካውንትህን ሆልድ አድርገናል የሚል መሰለኝ።»

የመጀመሪያውን መስመር እንዳነበብኩ ክው አልኩ፤ ደብዳቤው ከእኔው ባንክ ነው፣ የያዛቸውም በልደት ቀናቸው ነው።

ለማታውቁኝ... አንድ ባንክ ውስጥ የዳታ ሳይንስ ተለማማጅ ነኝ። በሳምንት አራት ቀን እሠራለሁ፣ አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ፣ የትምህርቱን ባንኩ ይከፍልልኛል። ስጨርስ ዲግሪም ሥራም ይኖረኛል ነው ነገሩ። ሰው ሁሉ ዕድለኛ ነሽ ይለኛል። እኔም አምኜ ነበር።

ባለፈው ዓመት የተሰጠኝ ሥራ፣ በሐሰት መታወቂያ አካውንት የሚከፍቱ ሰዎችን የሚለይ ሞዴል፣ ማለትም የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ መሥራት ነበር። ሞዴሉ ታዲያ አንድ ነገር ላይ ሙጭጭ አለ... ጃንዋሪ 1 የተወለዱ ሰዎች ላይ። ከሌላው ቀን ሁሉ በዝተው ሲያገኛቸው ይሄማ ውሸት ነው ብሎ ደመደመ።

እኔ ምክንያቱን አውቃለሁ። እኛ ሕንፃ ላይ ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነ ሐበሻ አብዛኛው ጃንዋሪ 1 ነው የተወለደው። የስደተኛ ካምፕ ጸሐፊ፣ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ለነገረውም ጭራሽ ለማያውቀውም ያቺኑ ይጽፍለት ነበር። ይሄንን ለአለቃዬ ነገርኩት። «ግሬት ኮንቴክስት» አለና ዶኩመንት እንዳደርገው አዘዘኝ። አደረግኩት። የሞዴሉ ማብራሪያ አራተኛው ገጽ ላይ አለ፣ ማንም አላነበበውም።

እኔም ደግሜ አላነሳሁትም። የዓመቱ ውጤቴ የሚወጣው በዚያ ሞዴል ነበራ። ምን እሸሽጋለሁ፣ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።

ወደ ቅዳሜ ልመለስ። አካውንቱ እንዲከፈት በስልክ የሚሞላ ፎርም አለ። ማድረቂያ ማሽኑን ተደግፈን መሙላት ጀመርን። ስም፣ አድራሻ... ከዚያ ያቺ ጥያቄ መጣች። በመታወቂያዎ ላይ ያለው የልደት ቀን ትክክለኛ ነው ወይ?

«የስ እንበል ጋሽዬ» አልኳቸው ቶሎ ብዬ።

«እንዴት ተደርጎ የስ? እኔ ኅዳር ሚካኤል ነው የተወለድኩት። አገሩ ሁሉ ንግሥ ሄዶ እናቴ ብቻዋን ነው የተገላገለችኝ።»

«አውቃለሁ... ግን መታወቂያው ጃንዋሪ ዋን ይላል። እንዳለ ብንተወው ይሻላል።»

«ከታች ምን ይላል?»

«የሰጠሁት መረጃ እውነት ነው ይላል።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አርባ ዓመት ሙሉ በማላውቀው ቀን ኖርኩ። እውነተኛው የትኛው ነው ያለኝ ሰው የለም። ይኸው ዛሬ ጠየቁኝ። ጠይቀውኝ ደግሞ ልዋሻቸው?»

እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ፣ ተናገርኩም። «ጋሽ በላቸው፣ አካውንቱን ያዘጋብዎት ሞዴል... የሠራሁት እኔ ነኝ። ሌላ ቀን ካስገባን ይብስብዎታል።»

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው በራ። «አንቺ ነሽ? ታዲያ እኔ ምን አስጨነቀኝ። የራሳችን ልጅ እዚያ ካለች ነገሩ ይገባታላ።»

ተከራከርኳቸው፣ ለመንኳቸው፣ ወይ ፍንክች። ኅዳር 12ን ወደ ኖቬምበር 21 የገለበጥኩላቸው እኔው ነኝ። «አይደለም» የምትለዋን ግን በራሳቸው ጣት ተጫኗት። ሲጨርሱ የገላገልኳቸው ያህል መረቁኝ።

ማክሰኞ ስብሰባ ነበረን። አለቃዬ ስክሪን ሼር አድርጎ ሞዴሉ ከያዛቸው መካከል አጭበርባሪነታቸው የተረጋገጠውን ያሳየናል። ስም አይታይም። የመታወቂያው ቀንና ደንበኛው የሰጠው ቀን ብቻ ነው ያለው። ሦስተኛው መስመር ላይ... ጃንዋሪ 1። ኖቬምበር 21። አጠገቡ «ኮንፈርምድ» ይላል።

«ይሄኛው እንዲያውም ራሱ አምኗል» አለ አለቃዬ። «ናይስ ካች።»

ሰዉ አጨበጨበልኝ።

ስብሰባው ሲያልቅ ተከትዬው ወጣሁ። እኚህ ሰው ጎረቤቴ ናቸው፣ ጡረታቸው የሚገባው እዚያው አካውንት ውስጥ ነው፣ የቤት ኪራያቸውም ከዚያው ነው አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። ደንበኛውን የሚያውቅ ሠራተኛ ኬዙ ውስጥ መግባት አይችልም አለኝ። ከሰዓት በኋላ እነዚያን ፋይሎች እንዳላይ ተዘጋብኝ። እስኪጣራ ሳምንታት ይፈጃል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ኪራይ የሚከፈልበት የወሩ መጀመሪያ ደግሞ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

በምሳ ሰዓቴ እንደማንኛውም ሰው የደንበኞች መስመር ላይ ኮል አደረግኩ። አንዲት ልጅ በትሕትና «ሲስተሙ ነው የያዘው፣ እኛ ምንም ማድረግ አንችልም» አለችኝ። ሲስተሙ እኔ ነኝ ልላት ምንም አልቀረኝም።

ዛሬ ጠዋት ሊፍት ውስጥ ተገናኘን።

«እሺ ልጄ፣ ደረሳቸው?» አሉኝ ጋሽ በላቸው።

«ደርሷቸዋል።»

«ምን አሉ?»

ቁጥሮቹ ሲወርዱ አየሁ... ስድስት፣ አምስት፣ አራት።

«ደስ ብሏቸዋል» አልኳቸው።

ውሸት አይደለም፣ አጨብጭበዋል።