ጎበዜን ለጋሽ ሰይድ አደራ ሰጥቼ ደሴ ሄድኩ

ባለፈው ክረምት ደሴ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ተቀጠረች። ከእኔ በቀር አጠገቧ የሚሆን ሰው ስለሌላት ለመሄድ አላመነታሁም። ያስጨነቀኝ ጎበዜ ነው። ጎበዜ የአራት ዓመት ውሻዬ ነው፤ አዲስ አበባ ሥላሴ አካባቢ በተከራየኋት አንዲት ክፍል አብረን እንኖራለን። ድሮ ስሄድ ትጠብቅልኝ የነበረችው ጎረቤቴ፣ ቤቷ ሲፈርስ ከተማ ዳር ገብታለች።

ሰኞና ማክሰኞ፣ ፍለጋ

መጀመሪያ የሄድኩት በቴሌግራም ወዳገኘሁት የውሻ ማቆያ ነበር። ንጹሕ ግቢ ነው፤ ለአንድ ቀን ሰባት መቶ ብር። የተቀበለችኝ ልጅ «የክትባት ካርዱን ይዘሻል?» አለችኝ። ጎበዜ ካርድ የለውም። «ከቤት አይወጣም፣ ምን ያገኘዋል?» እያልኩ ከዓመት ዓመት ሳሻግረው ኖሬያለሁ። ዋጋው ከበደኝ ብያት ወጣሁ።

አትክልት ተራ ጀርባ ያገኘሁት ሰውዬ በመቶ ብር እይዝልሻለሁ አለኝ። ግቢው ውስጥ አምስት ውሾች በሽቦ ታስረዋል፤ የአንዱ አንገት ቆስሏል። «ማታ የት ነው የሚያድሩት?» ስለው «ውሻ አይደለም እንዴ? ባለበት ያድራላ!» ብሎ ሳቀብኝ። ጎበዜ እግሬ ሥር ገብቶ ይንቀጠቀጥ ነበር። አቅፌው ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

ማተሚያ ቤት አብራኝ የምትሠራው ሰብለ «ኮንዶሚኒየም ተመዝገቢለት እንጂ!» ብላ ቀለደችብኝ። ጋሽ ሰይድን ያገናኘችኝም እሷው ናት።

ረቡዕ፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ

ጋሽ ሰይድ ድልድዩ አጠገብ የከሰል ምድጃ እየቀጠቀጡ የሚሸጡ የወሎ ሰው ናቸው፤ ስድሳን አልፈዋል።

«ቤት እንኳ አላስገባውም፤ ሶላት የምንሰግድበት ነው» አሉኝ። «ከሱቁ ጓሮ ግን የቆርቆሮ ቤት እሠራለታለሁ። ምን ይበላል? ምን ይፈራል?»

ምን እንደሚፈራ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «ነጎድጓድ ይፈራል» አልኳቸው።

በቀን ሰማንያ ብር ለምግቡ ይበቃል አሉ። ከዚያ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ተከትቧል አይደል?» ሲሉኝ፣ «አዎ፣ ተከትቧል» አልኩ። እውነቱን ብናገር እንቢ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። የአውቶቡስ ቲኬቱን ቆርጫለሁ፤ እህቴ ትጠብቀኛለች። ጎበዜን አስረክቤ ስወጣ ጆሮዬ እንደ ፍም ይግል ነበር።

ሐሙስ፣ መንገድ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሣን። ደብረ ብርሃን በብርድ ተኮራምተን ሻይ ጠጣን። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ከመውረዱ የተነሣ ሾፌሩ መብራት አብርቶ ይዳክር ጀመር፤ ከጎኔ የተቀመጡት እናት ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ተቀበለን። ፓፓያ በሰማንያ ብር ገዝቼ መብላት አቃተኝ። በየፍተሻው እየወረድን፣ መታወቂያ እያሳየን፣ ሲመሻሽ ደሴ ገባን።

ቅዳሜ፣ ደሴ

እህቴ ዓርብ ከቀዶ ሕክምናው በሰላም ወጣች። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጋሽ ሰይድ ደወሉ።

«ሠናይት ልጄ፣ አትደንግጪ፣ ውሻሽ ደህና ነው። ትናንት ሰማዩ ሲያጓራ ቆርቆሮ ሥር ተወሸቀብኝ። ላወጣው እጄን ብሰድ ነከሰኝ። ቁስሏ ትንሽ ናት። ተከትቧል ባትይኝ ኖሮ ሐኪም ቤት እሮጥ ነበር...»

መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ስደውል ኔትወርክ የለም። በከተማው በሙሉ የለም። የእህቴን መርፌ ልትሰጥ የገባችውን ነርስ ጠየቅኳት።

«ውሻው አልተከተበም? ታዲያ ምን ይጠበቃል? ሰውየው ዛሬውኑ መርፌ መጀመር አለባቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አያድንም።»

እህቴ ከአልጋዋ እያየችኝ «እኔን ነርሶቹ ያዩኛል። እሳቸው ግን አያውቁም። ሂጂ» አለችኝ።

እሁድ፣ መመለስ

ቅዳሜ የሚነሣ አውቶቡስ ስላጣሁ፣ በማግስቱ ንጋት ያንኑ መንገድ ተመለስኩ፤ ከመስኮቱ ውጭ ምን እንዳለ ግን አላየሁም። አንድ ፈታሽ መታወቂያዬን ሲቀበለኝ ፊቴን አይቶ «አሞሻል እንዴ?» አለኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ኔትወርክ ተመለሰ፤ የጋሽ ሰይድ ስልክ ግን ዝግ ነው፣ ሰብለም አታነሳም። ቢሞቱስ? ገዳያቸው ውሻው ሳይሆን እኔ ነኝ።

አሥር ሰዓት ላይ ከነሻንጣዬ ድልድዩ ጋ ደረስኩ። ጋሽ ሰይድ እጃቸውን በነጠላ ቅዳጅ አስረው፣ ለጎበዜ እንጀራ ይፈተፍቱለታል። ጎበዜ ዘሎ መጣብኝ፤ አልነካሁትም።

«ጋሽ ሰይድ፣ ዋሽቼዎታለሁ። አልተከተበም።»

የታሰረ እጃቸውን አገላብጠው አዩት። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ከጓሮ ሰምተው ወጡ።

«የሰው ነፍስ ከውሻ አነሰብሽ?»

ጋሽ ሰይድ «ዘይነባ፣ ኮቴን አምጪልኝ» አሉና ቀድመውኝ መራመድ ጀመሩ። ጤና ጣቢያ ቁስሉ በሳሙናና በውሃ ለረጅም ጊዜ ታጠበ፤ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጉ፣ ለቀሪዎቹም ተቀጠሩ። እኔንም የበሽታው ምልክት ካለ እንዲታይ ውሻውን ለአሥር ቀን ለብቻው አድርጌ እንድከታተለው አዘዙኝ።

ቤት

እነዚያን ቀናት ውሃ በሳህን እያስቀመጥኩ፣ መጠጣት አለመጠጣቱን ቆሜ እጠብቅ ነበር። የጠጣ ቀን እተነፍሳለሁ። በአሥረኛው ቀን በደህና መክረሙን ልነግራቸው ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ «አልሐምዱሊላህ» ብለው «መጥተሽ መናገርሽ ደግ ነው» አሉኝ። እትዬ ዘይነባ ግን ዛሬም ሰላምታዬን አይመልሱም፤ አልተቀየምኳቸውም።

ጎበዜ አሁን ተከትቧል። እኔም ስለ ውሻ ማቆያ ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው ይኸው ነው፤ የሌላውን ግቢ ከመመርመራችሁ በፊት፣ ስለ ውሻችሁ እውነቱን ለመናገር ተዘጋጁ። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ የማምነው ሰው ስፈልግ ከረምኩ። አግኝቼም፣ ያመኑኝን ሰው ዋሸኋቸው።