ጥላውን የያዘው እጅ

በደብራችን የኢዮቤልዩ መጽሔት ላይ የደብሩን ታሪክ እንድጽፍ የተመረጥኩት ብዙ ስላነበብኩ ነው አሉ። ችግሩም እሱው ሆነ። በዚያ ሰሞን የማነበው በእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ስለኖረና የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስለጻፈ አንድ እንግሊዛዊ ቄስ ነበር። ታረቁ ብሎ ስለሰበከ የንጉሡ ሰዎች ለዘብተኛ፣ የፓርላማው ሰዎች ደግሞ የንጉሥ አሽከር አሉት። ደብሩንም መጻሕፍቱንም አጣ። ከጦሩ ጋር እየዞረ የየመንደሩን ሽማግሌ ወሬ አዳምጦ ታሪኩን ሰበሰበ። ሲያሳትመው አንድ ተቺ ተነሳበት፤ እሱም የተቺውን ቃል አትሞ ከሥሩ መለሰለት።

የተቃዋሚን ቃል ማተም! እኛ እዚህ ስደት አገር፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ የተቃዋሚን ሰላምታ እንኳ አንመልስም። ደብሩ ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ አንዱ ወገን ከወዲህ፣ ሌላው ከማዶ ምግብ ቤት ነው የሚበላው።

ደብሩን የመሠረቱት ጋሼ፣ ኢንግልዉድ የሚኖሩ ታክሲ ነጂ የነበሩ አረጋዊ ዲያቆን፣ ከእኛ ተለይተው ወደዚያኛው ወገን ሄደዋል። አሁን ዓይናቸው ደክሟል። «ዓይኔ ሳይጠፋብኝ መጽሔቱን ልየው» እያሉ ይደውሉልኛል። እኔም የሁለቱንም ወገን ቃል ጻፍኩ።

የኮሚቴው ሊቀመንበር ምግብ ቤት ጠራኝ።

«ጽሑፉ ቆንጆ ነው። ክፍፍሉን ብቻ ስኪፕ አድርገነዋል።»

«ጋሼስ?»

«ሶ... እሳቸው ሄደዋል እኮ።»

«ከመሄዳቸው በፊት የት ነበሩ? ሌላ ከተማ፣ ቶራንስ?»

«አንተ ደግሞ ነገር ስትወድ!»

የመጽሔቱን ናሙና ገፋልኝ። እኔው ያነሳሁት የደብሩ የመጀመሪያ ጥምቀት በዓል ፎቶ አለበት፤ ታቦቱ በካህኑ ራስ ላይ፣ ከበላዩ ጥላው። ጥላውን የያዙትን ጋሼን ከፎቶው ቆርጠዋቸዋል። ጥላውን ግን አልደፈሩም፤ ታቦት ያለ ጥላ እንዴት ይወጣል? ስለዚህ ዘንጉም፣ ዘንጉን የጨበጠው እጅም ቀርቷል። ለታቦት የሚሰግዱ፣ ሰው የሚቆርጡ ክርስቲያኖች!

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

«ኦኬ፣ ማን ያየዋል?»

«ጋሼ ያዩታል! ጽሑፌንም ፎቶዬንም አውጡልኝ።»

ያ እንግሊዛዊ ለተቺው በመጨረሻ የዕርቅ ቃል ጽፎለታል። እኔ እንዲህ ያለ ልብ አልተሰጠኝም። እየተሳደብኩ ድራይቭ አድርጌ ኢንግልዉድ ሄድኩና ሙሉውን ፎቶ ለጋሼ ሰጠኋቸው።

ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ከዚያ በጣታቸው ከኋላቸው የቆመ አንድ ጎልማሳ ነኩ።

«ሊቀመንበሩ ይኸውና! ጥላው ሲከብደኝ ክንዴን የደገፈኝ እሱ ነው። እሱንም ከእኔ ጋር መጽሔቱ ላይ አወጣችሁት አይደል?»

ሰውዬው ጋሼን ሲቆርጥ ራሱንም ቆርጦ ጥሏል። ከንዴቴ ብዛት እኔም አላየሁትም ነበር።