ለብቻዋ የተኛችው እናት

ንጋት፣ አሰላ
ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሚኒባሱ ውስጥ ላፕቶፔን አቅፌ ተቀምጫለሁ። አሰላ ለሥራ ከመጣሁ ወዲህ ከሾፌርና ከሻይ ሻጭ በቀር የማወራው ሰው የለኝም፤ እውነቱን ልናገር፣ ብቸኝነቱ ሰልችቶኛል። የምሄደው በቆጂ ነው። የጤና ጣቢያው አሮጌ መጋዘን ታድሶ የእናቶች ማቆያ ሊሆን ነው፤ ከሩቅ ገጠር የሚመጡ እርጉዞች ምጥ እስኪይዛቸው የሚሰነብቱበት። እኔ ያልተሠራውን ክፍል እንደ ፎቶ አድርጎ የሚያሳይ ስሪዲ የኮምፒውተር ምስል ሠርቻለሁ፤ ለአካባቢው ሴቶች ላሳይ ነው።

ረፋድ፣ ሳጉሬ
ገበያ ነው። የስንዴ ጆንያ የጫኑ ጋሪዎች መንገዱን ዘግተውታል። ቆመን ሻይ ስንጠጣ ሾፌሩ ስክሪኔን አየ።
"ሆቴል ነው?"
"የእርጉዞች ማቆያ ነው።"
"ኧረ ባክህ! እኔም ልተኛበት!"
ደረቴን ነፋሁ።

ቀትር፣ በቆጂ
የጤና ጣቢያው ነርስ ሴቶቹን ግቢው ውስጥ ሰብስባለች። ከፊት የተቀመጠችው ዘይነባ ሆዷ ገና ገፋ ማለቱ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇን ቤት ወልዳ አጥታዋለች። አጠገቧ እናቷ ተቀምጠዋል፤ ሰው ሁሉ አዴ ሃዋ፣ እማማ ሃዋ እንደማለት፣ ይላቸዋል።

ምስሉን ከፈትኩ። ነጭ ግድግዳ፣ አንድ አልጋ፣ አንዲት ሴት፣ በመስኮት የሚገባ ፀሐይ። ለብርሃኑ ብቻ ስንት ቀን ተጨንቄያለሁ!

"ይቺን ሴት ምን አድርጋ ነው የጣሏት?" አሉ አዴ ሃዋ።
"ኧረ አልጣሏትም፣ እያረፈች ነው።"
"ወላድ ብቻዋን ታርፋለች እንዴ? እናት የላትም? ጎረቤት የላትም? ገንፎውን ማን ያገነፋል? ወላሂ ልጄን እዚህ አላስገባም፤ ቤቷ ትውለድ!"

ዘይነባ አንገቷን ደፋች። ነርሷ ገላመጠችኝ። ደሜ ፈላ፤ "ጸጥታው እኮ ነው ውበቱ!" አልኩ። የዘይነባን ፊት ሳይ ግን አፈርኩ።

እዚያው ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ ምስሉ ላይ ግድግዳ አፈረስኩ፤ ጎን ለጎን የነበሩት ሁለት ክፍሎች አንድ ሆኑ። ለአስታማሚ ፍራሽ፣ በጓሮ በኩል ማብሰያ ቤት ጨመርኩ። ሰው ላስገባ ስል ፕሮግራሙ ከረባት ያሰሩ ፈረንጆች አመጣልኝ።
"እነዚህ ናቸው የሚያገነፉት?" አሉ አዴ ሃዋ። ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ።
ሳሩ ላይ እንደተቀመጡ ፎቶ አነሳኋቸውና እነሱኑ አስገባኋቸው። አዴ ሃዋን ራስጌ አደረግኋቸው።

አዴ ሃዋ ጠጋ ብለው ምስሉን አዩት።
"እኔ እዚያ ካለሁማ ትግባ።"
ዘይነባ እጃቸውን ሳመች።

አመሻሽ፣ በቆጂ
አዴ ሃዋ ወደ አሰላ የሚመለሰው ሚኒባስ ድረስ ሸኙኝ።
"ልጄ፣ ያን ባዶ ክፍል የት አይተህ ነው የሳልከው?"
"የራሴ ክፍል ነው፣ አዴ። አልጋውም የኔ ነው።"
ቦርሳዬን ከትከሻዬ አወረዱና ይዘውት ወደ ቤታቸው አቀኑ።
ሾፌሩ ክላክሱን ነፋ። "ሂድ" አልኩት፤ "ሰው ይዞኛል።"