የሐጂ ኢድሪስ ራኩባ

አዲሱ የመተማ ዮሐንስ ማዘጋጃ ቤት ዙሪያው መስታወት ነው። ባለጉዳዮቹ ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ደጁ ላይ በፀሐይ ይቃጠላሉ።

የደረቀ አገዳ ሽታ ከገበያው ሲመጣ ጎረቤታችን ሐጂ ኢድሪስ ትዝ አሉኝ። ልጅ ሳለሁ ከሱቃቸው ፊት ራኩባ የሚሉት የጥላ ዳስ ነበራቸው፤ አራት ባላ፣ ላዩ የማሽላ አገዳ። ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የሚመጡ ሠራተኞች ያርፉበት ነበር። አንድ ጠዋት ደንብ አስከባሪዎች «የከተማውን ገጽታ ያበላሻል» ብለው አፈረሱት።

«ደከማችሁ ልጆቼ» አሏቸው ሐጂ። «እኔም በየዓመቱ አፍርሼ በአዲስ አገዳ ነው የምሠራው። ዘንድሮ አገዛችሁኝ።»

የአጨዳ ሠራተኞቹ እየሳቁ ከቀትር በፊት መልሰው አቆሙት።

ዛሬ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት የባላ ጉድጓድ እየቆፈርሁ ነው። ዘበኛው «ክልክል ነው» አለኝ።

«ራኩባው ሲቆም አንተም ትቀመጥበታለህ» አልሁትና ዶማዬን አነሳሁ።