መምህር ሐዱሽ የቀደዱት ማኅተም

ትናንት አንዲት ሴትዮ አልነሳ ያላትን አሮጌ ኮምፒውተር ታቅፋ ጥገና ቤቴ መጣች። ጎኑ ላይ «እንዳይከፈት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ቀደድኩት። ክዳኑን ሳነሳ የታመቀው አቧራ ሸተተኝና መምህር ሐዱሽ ትዝ አሉኝ፤ ያ የድሮ ንዴቴም አብሮ ተቀሰቀሰ።

ዓዲ ሓቂ የሚባል ሰፈር ስማር ትምህርት ቤታችን አንድ ኮምፒውተር ነበረው። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን፣ በካልሲ ሽታ ታፍነን፣ ዳንቴል የለበሰውን ዕቃ ለመሳለም የመጣን ይመስል ዙሪያውን እንቆም ነበር። ገና ሳንነካው ተበላሸ። ሲበራ ጢጥ ጢጥ ይላል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ርእሰ መምህሩ ባለሙያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ማንም እንዳይከፍተው ብለው ወረቀት ለጠፉበት፣ ማኅተም መቱበት። ባለሙያ የሚባል አልመጣም። መምህር ሐዱሽ ኪቦርዱን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይስሉልናል፤ እኛ ደብተራችን ላይ ገልብጠን በጣታችን እንጠቀጥቃለን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

አስረኛ ክፍልን ጨርሰን ልንበተን ስንል፣ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ጓደኛዬ አልጋነሽ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ አንዴ እንኳ ሳንነካው ልንሄድ ነው?»

ጠመኔውን ወረወሩት። ዳንቴሉን ገፈፉ፣ ማኅተሙን ከነወረቀቱ ቦጨቁት።

«መምህር፣ ያባርሩዎታል!» አልኳቸው።

«ያባርሩኝ፣ ጓለይ፣ ልጄ! የመንግሥት ንብረት ነው ይሉኛል። እናንተስ የማን ናችሁ?»

ላጲሴን ተቀበሉኝ። ክዳኑን ከፍተው ሚሞሪ የሚባለውን ቀጭን ካርድ ነቀሉ፣ የብረት ጥርሶቹን በላጲስ ፈገፈጉ፣ አቧራውን እፍ አሉና መለሱት። በዚህችው ነገር ተነሳ! ይኸው ነበር ያን ሁሉ ጊዜ ያስቀመጠን። በጩኸታችን ክፍሉ ተናወጠ። መምህር ሐዱሽ በተራ እያስቀመጡ ስማችንን አስጻፉን።

ርእሰ መምህሩ ከነጫማቸው ገቡ። ስክሪኑን ዞር ብለው አላዩትም።

«ማኅተሙን ማን ቀደደው?»

«እኔ» አሉ መምህር ሐዱሽ።

በዓመቱ መብራት ወዳልገባበት ገጠር ተዛወሩ አሉ፤ የኮምፒውተር መምህሩ! ኮምፒውተሩም አዲስ ማኅተም ተመታበት። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሴትዮዋ «ኧረ እንዳይከፈት ይላል እኮ» እያለች አጠገቤ ትቁነጠነጣለች። ከመሳቢያዬ ላጲስ አወጣሁ፤ ሚሞሪውን ፈግፍጌ መለስኩት። ተነሳ።

«ነይ ተቀመጪ» አልኳት። «ስምሽን ጻፊ።»